ሁላችንም ጄናዮ አንድ ተወለድን

ማክዳ ሥራ በጀመረች በሳምንቷ ግድግዳው ላይ አራት ወረቀት ለጠፈች። እኔም በሆዴ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አልኩ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነኝ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። የኮፔራቲቫችንን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራችንን፣ ሰርቨር አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን ጠብቄዋለሁ፣ ከግማሽ ቀን በላይ ወድቆብኝም አያውቅም። እሷ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚሁ ሮማ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ እናቷ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከአዲስ አበባ መጥተው ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሠርተው ነው ያስተማሯት። ከጣልያኖቹ ጋር ስታወራ አትያዝም። ከእኔ ጋር ግን በአማርኛ፣ ቃል እየመረጠች፣ «ጋሽ ተኽሌ፣ እርስዎ» እያለች ነው የምታወራው። ለዚህ እናቷን አመሰግናለሁ።

ሙሉ ስሜ ተኽለብርሃን ነው። የአስመራ ልጅ ነኝ፣ አማርኛዬ የትምህርት ቤት ነው። በማስመሪያ እየተመታን ስለተማርነው አይረሳም።

ቢሯችን ቶር ፒኛታራ ነው፣ ከካዚሊና መንገድ ገባ ብሎ፣ ድሮ ጫማ ይሸጥበት የነበረ ቤት። ሰባት ሰዎች ነን፣ ከእኔና ከማክዳ ሌላ ሁሉም ጣልያን። የሠራነው ነገር «ካሴቶ» ይባላል፣ መሳቢያ ማለት ነው። የሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ኮንትራታቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ማለትም ፔርሜሷቸውን፣ የሚኖሩበትን አድራሻ ሳይቀር ስልካቸው ላይ የሚያኖሩበት መሳቢያ። ስድስት ሺህ ሰው ይጠቀምበታል፣ ገሚሱ የእኛው አገር ሰው ነው። አሮጊት ሲያስታምሙ ውለው በትራም ሲመለሱ ኮንትራታቸው ታድሶ እንደሆነ የሚያዩት እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ ወደ ወረቀቶቹ ልመለስ። የመጀመሪያው፣ ማንም የጻፈውን ኮድ ሌላ ሰው አይቶ ሳያጸድቀው ሰርቨሩ ላይ አይወጣም ይላል። እኔ የጻፍኩትን! ማን ነው የሚያጸድቀው? ሁለተኛው የሰርቨሩን ቁልፎች ሁሉ ከእኔ እጅ አውጥቶ አንድ ቦታ ይቆልፋቸዋል። እሱንም ፈርሜ አስረከብኩ፣ ፍራንቼስካ ለምናኝ። ፍራንቼስካ ፕሬዚደንታችን ናት፣ ደግ ሴት፣ እሷ ስትለምን እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ሦስተኛው አዲስ ነገር ከመሠራቱ በፊት ሁላችንም ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን «ይህን ነገር ማን ለክፋት ሊያውለው ይችላል?» እያልን እንድንጠያየቅ ያዛል። ያንን «የሟርት ሰዓት» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ጣልያኖቹ ትርጉሙን ሲሰሙ ወደዱት፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ይሉታል።

አራተኛው ነው የከነከነኝ። ጥፋት ሲፈጠር ያጠፋው ሰው ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ ይጽፈዋል፤ ማንም አይወቀስም፣ ማንም አይቀጣም፣ ለመማማር ነው።

«ለመማማር ነው፣ ጋሽ ተኽሌ» አለችኝ ማክዳ፣ ፊቴን አይታ።

«እሱን ለማያውቅ ንገሪ» አልኳት።

ግራ ገብቷት ሄደች። እኔም አልነገርኳት። ያንን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አውቃለሁ፣ ግን ያን ጊዜ ማውራት አልፈለግኩም።

ማክዳ የኮዱን ጉድጓድ የሚፈልግ መሣሪያም አመጣች። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ የተረሳ ቁልፍ፣ ያረጀ ዕቃ፣ የታወቀ ቀዳዳ ካገኘ ቀይ ያበራል። የእኔን የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ አንብቦ አንድ አሥር ቦታ ቀይ አበራ፣ እየተነጫነጭኩ አስተካከልኩት። በወሩ መጨረሻ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ፍራንቼስካ ደስ ብሏት ለሁላችንም ኮርኔቶ ገዛች። እኔም እየበላሁ፣ «አየሽ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ብዬ ማክዳን ተረትኩባት። እሷ ሳቀች፣ እናቷም ይህንኑ ይላሉ አለችኝ።

በአረንጓዴው ውስጥ አንድ በር ነበር። «ፓስዋርድ ረሳሁ» የሚለው በር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሠራሁት እኔ ነኝ። በሌላው ዓለም ፓስዋርድ ሲረሳ በስልክ ወይም በኢሜይል ኮድ ይላካል። የእኛ ሴቶች ግን ኢሜይል ምናቸውም አይደለም፣ ስልክ ቁጥራቸውንም በየጊዜው ነው የሚቀይሩት። ኮዱ ወደ ጠፋ ስልክ እየተላከ ስንቷ ኮንትራቷ ተቆልፎባት ቢሮዬ ደጃፍ ላይ አልቅሳለች! ስለዚህ ቀላል አደረግኩት። የአባትሽን ስም ጻፊ፣ የትውልድ ቀንሽን ጻፊ፣ አዲስ ፓስዋርድ አውጪ፣ ግቢ። በዚያ በር የተመረቅኩትን ምርቃት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ቅድሳን ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። አንድ ትልቅ ቦርሳ እግሯ ሥር አለ። ቅድሳንን አውቃታለሁ። አዲስ አበባ ያደገች፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት የሆናት፣ ባሏን ጥበቡን ጥላ ከወጣች ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ለምን እንደጣለችው ክንዷን ያየ ሁሉ ያውቃል። ዴኑንቻ ጽፋ ለፖሊስ ከሳዋለች፣ ጠበቃ፣ አቮካታ የምንላትን፣ ይዛለች፣ ሞንቴቬርዴ ሰፈር አንዲት አሮጊት ዘንድ ባዳንቴ፣ የአሮጊት አስታማሚ፣ ሆና እዚያው እየኖረች ተደብቃ ነበር። ኮንትራቷን ካሴቶ ላይ ያስገባሁላት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ለጥበቡ ነገሩት?» አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ምኑን?»

«ያለሁበትን ነዋ!»

«እረ በማርያም! ምን ቆርጦኝ?»

ትናንት ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ጥበቡ ከበሩ ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አልጮኸም፣ አልተናገረም። ፈገግ ብሎ እጁን አነሳላት። እሷ ቆሻሻውን መሬት ጥላ ወደ ውስጥ ሮጠች። አሮጊቷ ፈሩ፣ ልጃቸው መጣ፣ እስከ ማታ ቤቱን እንድትለቅ ተባለች። ፖሊስ ሲመጣ ጥበቡ የለም። አድራሻውን ለእህቷ እንኳን አልተናገረችም።

«ከእኔና ከአሠሪዬ ሌላ የሚያውቀው አቮካታዬ፣ ፖሊስና እርስዎ ብቻ ናችሁ» አለችኝ። ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም።

ጥበቡ ማለት የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ወንበር የሚደረድረው እሱ፣ አሮጊቶችን ደግፎ ደረጃ የሚያወርደው እሱ፣ እኔን «አባቴ» የሚለኝ እሱ። ሁለት ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ባለቤቴ የት እንዳለች ያውቃሉ? የክረምት ልብሷን ላድርስላት ብዬ ነበር» ብሎኛል። ሁለቱንም ጊዜ «አላውቅም» ብዬ ፊቴን አዙሬበታለሁ። በዚህ እኮራ ነበር፣ እውነቴን ነው። ምላሴን የጠበቅኩ ሰው መስዬ ለራሴ ታይቼ ነበር።

ይህን ሁሉ ምዬ ነገርኳት። አመነችኝ መሰለኝ፣ ትከሻዋ ወረደ።

«ፖንቴ ማሞሎ ያለች ጓደኛዬ ጋ ነው ያደርኩት» አለች። «እሷም ሥራ አግኝታልኛለች፣ ሌላ ሰፈር። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሲኞራዋ ኮንትራቶውን ትፈርማለች። ስትፈርም አድራሻዬ በራሱ ካሴቶ ውስጥ ይገባል አይደል?»

«ይገባል።»

«ጋሼ፣ እንደገና ካገኘኝ አልተርፍም። ሌላ ጊዜ ፈገግ አይልም። እስከ ዓርብ ከየት እንዳገኘው ይወቁልኝ።»

ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። እኔም ኮቴን ሳላወልቅ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩና የመግቢያ መዝገቡን ከፈትኩ። ማን መቼ እንደገባ፣ በየትኛው በር እንደገባ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ፍለጋው አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ። ከአምስት ቀን በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ የቅድሳን ፓስዋርድ ተቀይሯል። ደውዬ ጠየቅኳት፣ እሷ አልቀየረችም። የተገባው በእኔ በር ነው። የአባት ስም በትክክል ተጽፏል። የትውልድ ቀን፦ ጄናዮ አንድ።

መዝገቡን እንደገና አነበብኩት። ምክንያቱም ያንን ቀን አውቀዋለሁ። የእኔም ልደት ነው።

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። ወደዚህ አገር የገባን ጊዜ ቢሮው ጠየቀን፣ መቼ ተወለድክ? አንዳችን ክረምት አልን፣ ሌላችን የሚካኤል ዕለት አልን፣ የዘመን አቆጣጠራችንም ሌላ። ጸሐፊው ታከተውና የሁላችንንም ጄናዮ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ ማለት ነው፣ ብሎ ጻፈው፣ ዓመቱን በግምት። ፔርሜሶዬ ላይም እንደዚያው ነው። እኛም ነገሩን ወደ ቀልድ ለወጥነው። በየዓመቱ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ከሰዓት በኋላ የደብሩ አዳራሽ እንሰበሰብና ከገና የተረፈ ፓንዶሮ ኬክ ላይ አንድ ሻማ ተክለን የሁላችንንም ልደት ባንዴ እናከብራለን። እንስቃለን፣ እናጨበጭባለን። አምና ቢላዋውን ይዞ ፓንዶሮውን የቆረሰልን ጥበቡ ነው።

ቆጠርኳቸው። ከስድስት ሺህ ሰው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባው ጄናዮ አንድ የተወለዱ ናቸው። የአባት ስም ደግሞ በእኛ ዘንድ ምን ምስጢር አለው? ሙሉ ስማችን ራሱ የእኛና የአባታችን ስም ነው። ለጣልያን የተሠራ ቢሆን ያ በር ደህና በር ነው። ለእኛ ግን ገርበብ እንዳለ ነው የሠራሁት፤ እኔ፣ ከሁሉ ሰው እኔ፣ ፔርሜሶዬ ላይ ያንኑ ቀን ይዤ። የማክዳ መሣሪያ አረንጓዴ ቢያበራ አይፈረድበትም። ጣልያኖቹም ሊያውቁት አይችሉም። በዚያ ቢሮ ውስጥ ይህን ሊያይ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ካልኩ ማንም ለዘላለም አያውቅም።

ዝም ልል ነበር። መዋሸት ምን ያደርጋል?

ሐሳቤ በሩን በጓዳ ገብቼ መዝጋት ነበር። ድሮ ቢሆን በአምስት ደቂቃ ሰርቨሩ ላይ አስተካክዬ፣ ለቅድሳን «ተስተካክሏል፣ አትፍሪ» ብዬ፣ ነገሩ ይቀበር ነበር። ግን ቁልፎቹን አስረክቤያለሁ። ለውጡን ጽፌ እንደ ማንም ለማጽደቂያ ላክኩት፣ ላዩ ላይም «ጥቃቅን ማስተካከያ» አልኩበት።

ማክዳ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«ጋሽ ተኽሌ፣ ይሄ እኮ የረሱትን ሰዎች ሁሉ ውጭ ያስቀራል። ለምንድን ነው?»

«ዝም ብለሽ አጽድቂው።»

«ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት አጸድቃለሁ?»

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ ብዬሻለሁ! አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ እኔ ኮድ እጽፍ ነበር! አጽድቂው!»

ጮህኩ። ጣልያኖቹ ዘወር አሉ። ማክዳ ፊቷ ቀላ፣ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«አላጸድቅም» አለች በቀስታ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢሰድቡኝም አላጸድቅም።»

ኮቴን ያልለበስኩት ይመስል ፈልጌ ፈልጌ፣ እንደለበስኩት መሆኑን ሳውቅ ይባስ ተናድጄ ወጣሁ። ካዚሊናን ይዤ ወደ ፒኜቶ ሄድኩ። ትንሿ ባቡር እየተንቋቋች በአጠገቤ አለፈች።

ያን ጊዜ ነው መምህር ትስፋልደት ትዝ ያሉኝ። ከሰባተኛ ክፍል፣ ከደርግ ዘመን፣ የሒሳብ አስተማሪያችን። አንድ ረቡዕ አዳራሽ ሰበሰቡንና ግለ ሂስ ይደረጋል ተባለ። እያንዳንዱ መምህር ተነስቶ ጥፋቱን ይናገራል፣ ጽፎም ይፈርማል። ካድሬው «ማንም አይቀጣም ጓዶች፣ ለመማማር ነው» አለ። መምህር ትስፋልደት የዋህ ሰው ነበሩ። ተነስተው፣ ባለፈው ሰልፍ ዝናብ ሲጥል ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ብዬ ቀድሜ ወደ ቤት ሰድጃለሁ፣ ጥፋቴ ነው አሉ። ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፣ ከሰደዷቸው ልጆች አንዱ እኔ ሆኜ። ሐሙስ ጠዋት ክፍል ስንገባ ወንበራቸው ባዶ ነው። ሌላ መምህር ገባ፣ ሒሳቡም ቀጠለ፣ ማናችንም አልጠየቅንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቴን በወረቀት ላላሰፍር ለራሴ ማልኩ። አርባ ስምንት ዓመት ጠብቄዋለሁ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜም ያንኑ አሰብኩ። ብናገር ምን ይመጣብኛል? በስድሳ አንድ ዓመቴ ከሥራ ብባረር ማን ይቀጥረኛል? ከዚያ ደግሞ ቅድሳን ቆሻሻውን ጥላ ስትሮጥ ትታየኛለች። መምህር ትስፋልደት የተናገሩት ልጆች እንዳይበርዳቸው ብለው ያደረጉትን ነው። እኔ ልደብቅ የፈለግኩት ግን ሰው ሊያስገድል የሚችል ነገር ነው። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ ማክዳን ጠበቅኳት።

«ትናንት ስለጮህኩብሽ ይቅርታ» አልኳት። «ተቀመጪ፣ የምነግርሽ አለ።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅድሳንን፣ ጥበቡን፣ መዝገቡን፣ ፓንዶሮውን። ስጨርስ፣ «እኔ ልደቴ ጁኞ ሰባት ነው» አለች። «እዚህ ስለተወለድኩ። ይሄንን ነገር መቼም አላውቀውም ነበር።»

«እናትሽስ?»

«የእማዬን የምናከብረው መስከረም ውስጥ ነው» አለችና ቆም ብላ ስልኳን አወጣች። የእናቷን ፔርሜሶ ፎቶ ፈልጋ አየችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስቀመጠችው።

«ኦ ዲዮ» አለች። «ጄናዮ አንድ።»

ከዚያ በኋላ ለውጤን ከፍታ አጸደቀችው። በሩ ተዘጋ። ግን ለመነሳት ስዘጋጅ ክንዴን ያዘችኝ።

«መዝጋቱ ብቻ አይበቃም፣ ጋሽ ተኽሌ። በዚህ በር ሌላስ ማን ገብቷል? ሴቶቹ ማወቅ አለባቸው። ይሄ ደግሞ ካልተጻፈ አይሆንም። እማዬ ምን ትላለች መሰለዎት፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ገጹን ከፈተችልኝ። ቅጽ ነው። ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው ስም የሚጻፍበትን ቦታ ነው፤ የመምህር ትስፋልደት ወረቀት ከስም ነበር የሚጀምረው። ከላይ እስከ ታች አየሁ፣ የለም። ምን ሆነ ይላል። መቼ ይላል። ያን ጊዜ ትክክል የመሰለው ለምንድን ነው ይላል። ምን እንለውጥ ይላል። በቃ።

ያን ጊዜ ትክክል የመሰለው ለምንድን ነው? በሕይወቴ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። «ሴቶቹ ስልካቸው ሲጠፋ ኮንትራታቸው እንዳይቆለፍባቸው ብዬ» ብዬ ጻፍኩ። እሱን ስጽፍ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ማክዳም ወደ መስኮቱ ዞረችልኝ።

በዘጠኝ ሰዓት ሰባታችንም ተሰበሰብን። እኔ ሳላስበው ብድግ ብዬ ቆምኩ፣ እንደ ተማሪ። «ጋሽ ተኽሌ፣ ቁጭ ይበሉ እንጂ» አለችኝ ማክዳ። ተቀመጥኩና አነበብኩት። ፍራንቼስካ አንብቤ ስጨርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሎራ፣ ዓርብ እኩለ ቀን የቅድሳን አድራሻ ሲገባ ማን ማን ሊያየው ይችላል?»

«እኔ» አልኩ። «ሰርቨሩን የያዘ ሁሉ ያየዋል።»

«እንግዲያው አንተም እንዳታየው እናድርግ» አለች።

አንዱ ጓደኛችን አድራሻው በእሷና በአሠሪዋ ቁልፍ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ እንደሚቻል ተናገረ። ፓስዋርድ የረሳች ደግሞ ፔርሜሶዋን ይዛ በአካል ትምጣ፣ በፊቷ ትታወቅ ተባለ። «ባዳንቴ መቼ ጊዜ አላት?» ብዬ ተቆጣሁ። «ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው የሚለቋቸው!» እንደዚያ ከሆነ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ እንክፈት አለች ፍራንቼስካ። እሑዱን ከቅዳሴ በኋላ ደብሩ አዳራሽ ውስጥ እኔ ልቀመጥ አልኩ። ብዙዎቹ እንደሚያጉረመርሙብኝ አውቃለሁ፣ የድሮው ይቀል ነበርና። ያጉረምርሙ።

እስከ ማታ በዚያ በር ገብተው ፓስዋርድ የቀየሩትን ሁሉ እየደወልን ጠየቅን። አብዛኞቹ «አዎ፣ እኔው ነኝ፣ ረስቼ ነው» አሉ። አሥራ አራቱ ግን አልቀየርንም አሉ። አሥራ አራት ሴት! አንዷ የቀድሞ እጮኛዋ ሥራ ቦታዋን እንዴት እንደሚያውቅ ዓመት ሙሉ ስትጨነቅ የኖረች ናት። በጓዳ ዘግቼው ቢሆን ኖሮ እነዚህን ማን ይደውልላቸው ነበር? ለመንግሥት የማሳወቁን ግዴታ ፍራንቼስካ ያዘች፣ እኛ ስልኩን።

ሐሙስ ጠዋት እንደወትሮዬ ቢሮ ገባሁ። ወንበሬ ቦታው ነበር። ማክዳ ቀና ብላ «ቡና ጠጥተዋል?» አለችኝ፣ የሌላ ሰውን ኮድ ደግሞ አይቼ እንዳጸድቀው ላከችልኝ። ኮዱን ከመክፈቴ በፊት መምህር ትስፋልደትን አሰብኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ቅድሳን መጣች፣ ጠርቻት። ገጹን አትሜ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት፣ የገባበትን ቀንና ሰዓት ጭምር፣ ለአቮካታዋ እንዲሆናት። ታችኛው ላይ ስሜን በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ማክዳ «ስም አያስፈልግም እኮ» ብላኝ ነበር። ለኮፔራቲቫው አያስፈልግም፣ ለዳኛ ግን ምስክር ያስፈልጋል።

«አልነገርኩትም ብዬሽ ነበር» አልኳት። «በአፌ አልነገርኩትም። የገባበትን በር ግን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እኔ እኮ እርስዎን ነበር ያመንኩት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሌላው ሰው ሁሉ ሲጠራጠርዎት እሳቸው አይናገሩም ስል ነበር።» ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ዓርብ እኩለ ቀን ሲደርስ ማክዳና እኔ አንድ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠን ነበር። የሲኞራዋ ፊርማ ገባ። የቅድሳን መስመር ታየ፤ ስሟ አለ፣ ኮንትራቷ አለ። አድራሻው ቦታ ላይ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ክምር ብቻ። በምችለው ሁሉ ሞከርኩት፣ ማክዳም ሞከረች። አልተከፈተም። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ» አለች ቅድሳን። ከኋላዋ አውቶቡስ ያልፋል። «ገባ?»

«ገብቷል።»

«እንግዲህ የት እንዳለሁ ያውቃሉ ማለት ነው።»

«አላውቅም።»

«ቢፈልጉስ? ሰው ቢለምንዎ፣ ቢያስፈራራዎ?»

«ብፈልግም አልችልም። እኔም እንዳልችል አድርገን ነው የዘጋነው።»

ከኋላዋ ሌላ አውቶቡስ ሲቆም ሰማሁ።

«እሰይ» አለችኝ።